በአንድ በኩል የተደፋ ዳጣ

ምራቴ የሽፈራው ቅጠል ስትቀቅል ሽታው ደጅ ድረስ መጣና እናቴን አስታወሰኝ።

ዘጠኝ ልጆች ነበርን። በቆሎው ስለማይበቃን ኩርኩፋ የምንለውን የበቆሎ ድብልብል ስትሠራ የሽፈራው ቅጠል ታበዛበታለች። «አጥንት የሚሆናችሁ ቅጠሉ ነው» ትለናለች። ከአንድ ገበታ ስንበላ የታላላቆቼ እጅ ፈጣን ነው፤ እኔ፣ የመጨረሻው ልጅ፣ አንዱን ድብልብል ሳላላምጥ ያልቃል።

አንድ ቀን እናቴ የሚያቃጥለውን ዳጣ በነሱ በኩል ብቻ ደፋችበት።

«እማ፣ ምላሴ ነደደ!» ብሎ ታላቄ ጮኸ።

«እንስራው ያውልህ፤ ሂድና ጠጣ» አለችውና ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ምን ታያለህ? ብላ እንጂ!»

ያን ቀን ጠገብኩ።

ዛሬ ምራቴ ለየልጁ በየሰሃኑ ታወጣለች፤ የሚሻማ የለም። መልካም ነው። ግን የልጅ ልጆቼ ቀስ እያሉ ሲበሉ ሳይ ለሽሚያ እጄን ያሳክከኛል።