የሾዴ አራት ልቃቂቶች

በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ «የሾዴ እጅ ነው» ከተባለ ጋቢው አይመረመርም። በዚህ ክረምት ግን ሠላሳ አራት ዓመት የሠራበትን ስም የሚያጎድፍ ነገር መጣ፤ ድሩ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይወጣ ጀመር። ሾዴም ክር ሻጭዋን ጀዊሪያን እርጥብ ክር ትሸጣለች ብሎ በሰው ፊት ወነጀላት። ቃሉ የሚታመን ሰው ነውና ሌሎቹም ደጇን ተዉት።

ለእናቷ ጋቢ ያዘዘችው የባዮሎጂ አስተማሪዋ አዲሳለም ነጠብጣቡን ስታይ አልተቆጣችም። ይልቁንም ጎንበስ ብላ በደስታ ስትመረምረው ሾዴ ግራ ገባው። ይህ ሻጋታ ነው፣ ሻጋታም ሕይወት ስላለው ለዓይን ከማይታይ ዘሩ እንጂ ከምንም ተነሥቶ አይበቅልም አለችው።

«ታዲያ ዘሩ የመጣው ከጀዊሪያ ክር ነዋ።»

«እንዴት አወቁ፣ ጋሽ ሾዴ?»

ሾዴ ክሩን አንሥቶ አሸተተው።

ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ክሩና ክሩ እንዲጠነክር የሚቀባው የዱቄት ሙቅ። ሾዴ አባቱ እንዳስተማረው ሙቁን አፍልቶ ካቀዘቀዘ በኋላ ካለፈው ከተረፈው አሮጌ ሙቅ ጥቂት ይጨምርበታል፤ አለዚያ ክሩ አይለሰልስም ይባላል። አዲሳለም አራት ልቃቂት አስዘጋጀችው፤ ሁለቱ ከጀዊሪያ፣ ሁለቱ ከሌላ ነጋዴ። ከየጥንዱ አንዱ አሮጌ የተቀላቀለበት ሙቅ ተቀባ፣ ሌላው አዲስ ብቻ። ከዚህ በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ ጥፋተኛው አይለይም አለች። ቀጥላም ጥፋቱ የክሩ ከሆነ የትኞቹ እንደሚጠቁሩ አስቀድሞ እንዲናገር ጠየቀችው። ሾዴ ሳያመነታ የጀዊሪያን ሁለቱን አመለከተ።

በስድስተኛው ቀን የጠቆሩት አሮጌ ሙቅ የነካቸው ነበሩ፤ አንዱ የጀዊሪያ፣ አንዱ የሌላው ነጋዴ። ሾዴ አላመነም። ምናልባት የተሰቀሉበት ጥግ ይሆናል ብሎ፣ ማንም ሳያዘው፣ ቦታ አቀያይሮ በአዲስ ክር ደገመው። ውጤቱ ያው ሆነ። እሳት የገደለውን ሻጋታ ለካ በገዛ እጁ መልሶ ይዘራው ኖሯል፤ የዘንድሮ ዝናብ ደግሞ ክሩን አላስደርቅ ብሎ አበቀለለት።

የአባቱን የሙቅ ማሰሮ አጥቦ በአፉ ደፋው። ልቃቂቶቹን ይዞ፣ ሸማኔዎች በሚበዙበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀዊሪያ ሱቅ ደጃፍ ቆመና አንድ በአንድ አሳያቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነበር» አለ።

ጀዊሪያ ልቃቂቶቹን አገላብጣ አየች። «ሠላሳ አራት ዓመት ሸምነህ፣ ሙቅ መሥራት ዘንድሮ ለመድክ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሾዴም አብሮ ሳቀ። ያረጀ ሸማኔ ግን አሮጌው ካልገባበት ክሩ በምን ይለሰልሳል ብሎ ሞገተው። ድሮ ቢሆን ሾዴ ለዚህ መልስ አያጣም ነበር።

«አላውቅም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ጀዊሪያ፣ ለሁለት ድር የሚሆን ክር ስጪኝ፤ እናየዋለን።»