ቫይታሚን ዲ ፍለጋ ፀሐይ ላይ

ባለፈው ማክሰኞ በቀትር... ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ነው የሚተኛው።

ያበድኩ እንዳይመስላችሁ። አምና እንቅርቴን በቀዶ ሕክምና ሲያወጡልኝ ከጀርባው ያሉት ጥቃቅን ዕጢዎች ተጎዱ። ፓራታይሮይድ ይሏቸዋል፤ የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ካልሲየም እና ካልሲትሪዮል የሚባል የቫይታሚን ዲ ዓይነት እውጣለሁ። ካቋረጥኩ ከንፈሬ ይደነዝዛል፣ ጣቶቼ ይኮማተራሉ። ሐኪሙ ችላ ካልኩት ጉሮሮዬንም ሊዘጋው እንደሚችል ነግሮኛል።

በቅርቡ ካልሲትሪዮሉ ከከተማው ጠፋ። ካርቲየ ስድስት ያለው ፋርማሲስት ሌላ ቫይታሚን ዲ ሰጠኝ። ያው ነው ወይ ስለው ያው ነው አለ። ያው ከሆነ ለምን ስሙ ተለየ ስለው ትከሻውን ሰበቀ። እንዲህ ያለ መልስ ደሜን ያፈላዋል። ቢሆንም ወሰድኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ከንፈሬ መደንዘዝ ጀመረ።

ጎረቤቴ አብዲ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው። አማርኛም ምክርም አያልቅበትም። ከሰማይ የሚወርደውን ቫይታሚን ትቼ ጣሪያ ላይ በሚሽከረከር ቬንቲላተር ሥር ተጎልቼ ክኒን መልቀሜ አሳቀው። አላሳመነኝም። የሚያሳምን ነገር የነገረኝ ሌላ ሰው ግን አልነበረም... ስለዚህ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ጥቂት እንደቆየሁ ጫማቸው አቧራ የጠጣ ሁለት ወጣት ሴቶች መጡና ፊቴ ቆሙ።

«አባባ፣ ደላላው ጥሎዎት ሄደ?» አለች አንደኛዋ በአማርኛ።

ገና ሃምሳዎቹ ውስጥ ነኝ። ምኔ ነው አባባ የሚያስብል ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ። የወጣው ድምፅ ለራሴም አልገባኝም።

ውሃ የጠማኝ መስሏት ጠርሙሷን ዘረጋችልኝ። ልቀበላት ስል ጣቶቼ አንድ ላይ ተሰብስበው ድርቅ አሉ... ልክ ጉርሻ እንደያዘ እጅ። ልፈታቸው ብሞክር እምቢ አሉ። በዚያው እጅ የደነዘዘውን ከንፈሬን ነካ ነካ አደረግኩ።

ልጅቷ እጄን አየች፤ አፌን አየች።

«ርቧቸዋል እኮ!» አለቻት ጓደኛዋን።

ከያዘችው ፌስታል ዳቦ አወጣች፣ ቆረሰች፣ አጎረሰችኝ። ጉሮሮዬ ሊዘጋ ነው እያልኩ ፈርቻለሁ፤ ግን ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አኘክሁ። ደገመችኝ።

ትንሽ ሲለቀኝ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን፣ ስደተኛ እንዳልሆንኩ፣ ሥራ እንዳለኝ፣ ቤቴም እዚያው ማዶ እንደሆነ ነገርኳት።

«ቤት ያለው ሰው በዚህ ሰዓት እዚህ ይቀመጣል?»

ለቫይታሚን ዲ ነው ስላት ሁለቱ ተያዩ። ፀሐይ ናላዬን እንዳዞረው እርግጠኛ ሆኑ። እነሱ ከወሎ ነው የመጡት፤ ማታ ወደ ኦቦክ፣ ባሕሩን ወደሚያሻግራቸው ጀልባ የሚወስዳቸውን የደላላ መኪና ነበር የሚጠብቁት። ብቻዬን ጥለውኝ ላለመሄድ አጠገቤ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

በዚህ መሃል አብዲ ደረሰ። እጄን ሲያይ ደንግጦ ታክሲ አስቁሞ አስገባኝ። በመስኮቱ ዞር ብዬ ሳይ ልጅቷ ፌስታሉን እያጣጠፈች ነበር። ባዶ ነው።

ክሊኒክ ካልሲየም በደም ሥሬ ሲሰጡኝ እጄ ተፈታ። የተደበላለቀብኝን ሁሉ ሐኪሙን ጠየቅኩት።

«ከፀሐይም ከፋርማሲውም ያገኙት ጥሬው ነው» አለኝ። «ኩላሊትዎ እንዲያበስለው የሚያዘው ያ የተጎዳው ዕጢ ነበር። ለእርስዎ የሚሆነው የበሰለው፣ ካልሲትሪዮሉ ነው።»

ይህን ማስረዳት ፋርማሲስቱን ምን ያቅተው ነበር? የበሰለውም ከክሊኒኩ ተገኘ።

በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ዳቦ ገዝቼ ወደ ወንበሩ ሄድኩ። የሉም። ምን እንደምሠራ ግራ ገብቶኝ ቁጭ አልኩ። ዳቦው ጭኔ ላይ ነው... ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት።

አብዲ ሲያልፍ አየኝና በቁጣ ጠየቀኝ። መድኃኒቱ ተገኝቷል፣ ፀሐይም አይጠቅምህም ተብለሃል፤ ደግሞ ምን ልትሆን እዚህ ተቀመጥክ?

«ደላላው ጥሎኝ ሄደ» አልኩት።