ካልጠየቁት አይናገርም

በ2017 ዓ.ም. የጥቅምት ብርድ የገባ ሰሞን ነበር። ልጄ ዊንጌት ታክሲ ስትጠብቅ መኪና ገጫት። ራሷን አታውቅም። ሐኪሞቹ ነገ ረፋድ ላይ ቀዶ ጥገና ትገባለች አሉን። አባቷ ከአጠገቧ ቀረ፤ እኔ ልብስ ላመጣላት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አላለቀስኩም። ለምሳ የላጥኩት ድንች ውኃ ውስጥ እንዳለ ነበር። ውኃውን ቀየርኩለት።

የንስሐ አባታችን ደወሉ። በቅርቡ ነው የያዝናቸው፤ ልጄን በዓለም ስሟ ብቻ ያውቋታል።

«ልጄ፣ ነገ በቅዳሴ ላነሣት ነው። ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?»

በሰማንያ ቀኗ ታቅፌ ያስጠመቅኳት እኔ ነኝ።

«አባ፣ ጠፋብኝ።»

«ምኑ?»

«ስሟ።»

«አይዞሽ፤ እግዚአብሔር አይጠፋበትም። አንቺ ግን ፈልጊው።»

አባቷ ጋ ደወልኩ። «አንቺ ታውቂው የለ?» አለ። የክርስትና እናቷ ዐርፈዋል። የጥምቀት ወረቀቷም ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። የቀረው ሳሎን ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር።

ልጄ ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። ማስታወሻ የሚያኖር ነገር ሠርታ ጭናልኝ ነበር፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ሌላ የለውም። «ፈልግ» ብሎ አንድ ቃል መጻፍ ነው፤ ያ ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ ያወጣል።

«ሥዕል እንኳ የለው፤ ታዲያ ምኑን ሠራሽው?» ብያት ነበር።

«አንቺን አስመስዬ ነዋ፣ እማዬ። ካልጠየቁት አይናገርም።»

በጫነችልኝ ቀን ስለ ቤተሰቡ እሷ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ስመልስ፣ እሷ ስትጽፍ ዋልን።

«ፈልግ ክርስትና» ብዬ በአንድ ጣት ጻፍኩ። ሁለት መስመር ወጣ። አንዱ የክርስትና እናቷ ቤት የት እንደነበረ ነው። በሌላው ስሟ ነበር፣ እኔው እንደነገርኳት። የሌላ ሰው ልጅ ስም መሰለኝ። ደጋግሜ አነበብኩት።

ሌላ የማደርገው ስላልታወቀኝ «ተመስገን» ብዬ ጻፍኩበት።

«አልተገኘም» አለኝ።

ልጄ በዚህ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

መልሼ ብደውል አባ አላነሡም። ራሴን ስላላመንኩት ስሙን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ያን እጄን አላጠብኩም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይገባ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆምኩ። አባ ሲመጡ መዳፌን ዘረጋሁላቸው። አንብበው በመስቀላቸው ባረኩኝ። ከዚያ ልብሷን ይዤ በታክሲ ሆስፒታል ሄድኩ፤ እስኪወስዷት ድረስ በዚያው እጄ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።