«በረኛዋ የማን ልጅ ናት?»

አያቴ አባባ ካረፉ ወዲህ ከጨዋታ ተመልሼ ሆሳዕና ከተማ ያለው ቤታችን ስገባ መቀመጥ አልችልም። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ሳሎኑን እዞራለሁ።

የዩኒቨርሲቲያችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አጥቂ ነኝ። ሦስት ጊዜ ኮከብ ግብ አግቢ ተብዬ ዋንጫ ይዤ መጥቻለሁ። እሳቸው ግን ዋንጫውን ከማየታቸው በፊት «በረኛዋ የማን ልጅ ናት?» ይሉኝ ነበር። ግብ ያገባሁባትን ልጅ ማለታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፎንቆና በዳምቦያ ገበያ እህል ሲነግዱ ስለኖሩ የማያውቁት ቤተሰብ አልነበረም። «አላውቅም» ብላቸው ስለማይለቁኝ፣ ጨዋታው እንዳለቀ የምታለቅስ በረኛ ጋ ሄጄ ያባቷን ስም እጠይቅ ነበር። እንዴት አፍር እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

አንዷ የዳምቦያ ልጅ ሆና ተገኘች። ወዲያው አጎቷ ጋ ደውለው፣ «ልጃችሁን እንዳትቆጧት፤ የኛዋ ናት አስቸጋሪ» አሉት። ተናድጄ ዋንጫዬን ይዤ ወጣሁ።

ትናንት በፍጻሜው ጨዋታ በረኛችን ተጎዳች። ቅያሪ ጨርሰን ስለነበር ጓንቷን እኔ አጠለቅሁ። ሊያልቅ ሲል አንዲት ኳስ ከእጄ ሥር ሾልካ ገባች፤ ተሸነፍን። ከተቃራኒ ቡድን ማንም መጥቶ ያባቴን ስም አልጠየቀኝም።

ይኸው ዛሬም ሳሎኑን እየዞርኩ ነው። ወንበራቸው ባዶ ነው፤ እኔ ግን መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

በረኛዋ የእርስዎ ልጅ ናት፣ አባባ። ቤተሰቧ ጋ ይደውሉላት።