ባሌን የቀጠርኩበት ዓመት

ባሌን ደሞዝተኛ ያደረገው መንግሥት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዘመዶቹ እስከ ዛሬ የእኔ ተንኮል ስለሚመስላቸው ነው። ባሏን የቀጠረች ሴት እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ።

ባሌ የመናዊ ነው። ናዝሬት የመጣው በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ሲሆን፣ ስለ አገሩ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው አንዲት ፍየል ብቻ ነው። እኔ ወላጆቼ ከወሎ ይምጡ እንጂ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ናዝሬት ነው። ገበያው አጠገብ ያለችውን ሱቃችንን ሰፈሩ በሙሉ «አረብ ቤት» ነበር የሚላት። በፊት ለፊት ሻይ ቅጠል በማንኪያ፣ በጓሮ በር ደግሞ ሳሙና በካርቶን ለአቦምሳና ለቡልቡላ ነጋዴዎች ይሸጣል። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ አላውቅም። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ልርዳህ ብለው፣ «አንቺ እቃ ታደባልቂብኛለሽ» አለኝ። ተውኩት፤ አልረሳሁትም እንጂ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ፈቃድ ልናሳድስ ንግድ ቢሮ ሄድን። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት ወረቀታችንን አገላብጦ፣ «ጅምላና ችርቻሮ በአንድ ፈቃድ አይሆንም» አለ።

«እሺ፣ ጅምላውን እተዋለሁ» አለ ባሌ።

«ችርቻሮ ደግሞ ለውጭ ዜጋ አይፈቀድም።»

«እሺ፣ ችርቻሮውን እተዋለሁ።»

«ለውጭ ዜጋ ጅምላ በልዩ ፈቃድ ነው።»

«ልዩ ፈቃዱ የት ነው የሚሰጠው?»

«ገና አልተጀመረም።»

ልጁ ክፉ አልነበረም። የባሌን ፊት ሲያይ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ኢትዮጵያዊት አይደሉ? ችርቻሮው በእርስዎ ስም ይውጣ፤ እሳቸው ተቀጥረው ይሥሩ» አለኝ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ጅምላው ቀረ፤ ችርቻሮው በእኔ ስም ወጣ።

ፎቶዬ የተለጠፈበት ፈቃድ ከባንኮኒው ኋላ፣ ልክ ከባሌ ራስ በላይ ተሰቀለ። ደንበኛ በገባ ቁጥር ቀና ብሎ እኔን፣ ዝቅ ብሎ እሱን እያየ ይስቃል። ባሌም ቀስ በቀስ ለመደውና ያሾፍብኝ ጀመር። «ባለሱቋ፣ ሠራተኛው ምሳ ይብላ ወይ?» ይለኛል።

ቀልዱ ያለቀው ከንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪ የመጣ ዕለት ነው። ባለቤትነቱ የስም ብቻ ሆኖ ከተገኘ ሱቁ ይታሸጋል። ባሌ በፍጥነት ከበርጩማው ወርዶ እኔን አስቀመጠኝ።

«እስቲ የእርዱን ጣሳ ያሳዩኝ» አለኝ ተቆጣጣሪው።

በልበ ሙሉነት አንድ ጣሳ ከፈትኩ። ሚስማር ነው። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑን ወደ ግራ ወረወረ። ግራውን ከፈትኩ። ክብሪት። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አወጣ።

በዚህ መሀል አንዲት ጎረቤታችን ልጇን አዝላ ሻይ ቅጠል ልትገዛ ገባች። ባሌ ሰፍሮ ሲያበቃ እንደ ልማዱ አንድ ማንኪያ ምራቂ ደፋላት። አልበቃውም፤ ለሕፃኑ ከረሜላ ጨመረ።

«እትዬ፣ ይኼ ሠራተኛ የማንን እቃ ነው የሚያድለው?» አለኝ ተቆጣጣሪው።

አፌ ቀደመኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እቃው የአባትህ ነው? ስንቴ ልንገርህ? ከደሞዝህ ነው የምቆርጠው! ለመጣ ለሄደው ስትበትን እኔ ምን ልብላ?» አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ቃል የድንጋጤ ነበር። የተረፈው ከሠርጋችን ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ተቆጣጣሪው ደግሞ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «ባለቤትስ እርስዎ ነዎት» ብሎኝ ሄደ።

ሱቁ ዳነ፤ ባሌ ግን ተሰበረ። ከዚያ ቀን ወዲያ ምራቂ ተወ። ምርቅልኝ ያለውን ሁሉ «ባለቤቷን ጠይቁ» ይላል። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ወደ ማዶው ሱቅ ተሻገሩ። እኔ «ለማስመሰል እኮ ነው» ስለው፣ «አውቃለሁ፤ ግን ስታስመስዪ አልነበረም» አለኝ።

በዚህ ላይ የሥራ ፈቃድ የሚባል ነገር መጣ። የውጭ ዜጋ ተቀጣሪ ያለ ሥራ ፈቃድ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስለትም። ካልታደሰ ወደ አገሩ መሄድ ነው፤ ያቺ ፍየል ወዳለችበት። እንቅልፍ አጣሁ። ተያይዘን ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድን። መነጽር ያደረገች ሴት ተቀበለችን።

«ይህን ሥራ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። «አሠሪዋ እርስዎ ስለሆኑ ማስረዳት አለብዎት።»

አረብኛ ያነባል፣ የቅመም ዓይነት ይለያል እያልኩ ሳጠና ነበር ያደርኩት። ሁሉም ከአፌ ጠፋ። ባሌ አጠገቤ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

«ሻይ መስፈር የሚችል ሰው ናዝሬት ሞልቷል» አልኩ። «እሱ ግን ጥርሷን ያመማትን ሴት ከበር ላይ አይቶ ቅርንፉድ ይቋጥርላታል። ባሏ የሞተባት ስትመጣ ሚዛኑን ሳያይ ነው የሚሰፍርላት። በዚህ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ሌላ ሰው ብቀጥር ሚዛኑ ትክክል ይሆናል፣ ሱቁ ግን ባዶ ይቀራል። እኔም ያለ እሱ መኖር አልችልም። ከፈለጉ ይኼንንም ይጻፉት።»

በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንዲህ ብዬው አላውቅም። ሰው ፊት፣ ለዚያውም መንግሥት ቤት እላለሁ ብዬም አላሰብኩ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ይኼ የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋ «ልዩ ሙያ፦ የደንበኛ አያያዝ» ብላ ጻፈችና ማኅተሙን መታችበት።

በጋሪ ተሳፍረን ተመለስን። ሱቁ ሊታየን ሲል ባሌ ጠራኝ።

«ባለሱቋ።»

«አቤት።»

«ምትክ የሌለው ሠራተኛ ከሆንኩ ደሞዜ አነሰ።»

«የምን ደሞዝ? ሰጥቼህ አውቃለሁ?»

«ይሁን፣ ደሞዙ ይቅር» አለኝ። «ምራቂ ጨምሪልኝ።»

ባለጋሪው ዞሮ እያየን እጁን ያዝኩት።