ከኋላ ነው

አበልጄ ኒካሲያ ቲኮና መንገድ ስትሄድ ዞራ አታይም። ከጀርባዋ ቢጠሯት ቀጥ ብላ ትጠብቃለች እንጂ አንገቷን አታዞርም። እኛ የሐይቁ ዳር ሕዝብ፣ አይማራዎች፣ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንደዚያ ነን፤ የሷ ግን ባሰ። በፊት የሆነው ፊት ለፊታችን ነው፤ አይተነዋላ። በኋላ የሚሆነው ከኋላችን ነው፤ ማን አይቶት? ይኸው ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

አንዴ ምረጡኝ ባይ ከትልቁ ከተማ ከላፓስ መጥቶ፣ «ወደፊት መንገድ እንሠራላችኋለን» አለ። እሷ ውርጭ የመታውን ድንቿን ውሃው ወጥቶ እንዲደርቅላት በእግሯ እየረገጠች ነበር።

«ፊት ለፊቴማ ያለው የሞተው ባሌ ነው» አለችው። «ነገን በምን አየኸው ልጄ፣ ማጅራትህ ላይ ዓይን አለህ?»

አብሮን ሳቀ እንጂ ምኑም አልገባው፣ ደንቆሮ።

ባሏን ሐይቁ ከወሰደው ወዲህ የቀራት አንድ ልጇ ሴልስቲኖ ብቻ ነው። ሐሙስ ለገበያ በጀልባው ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ማታውን ነፋስ ተነሣ፤ ዓርብም አልተመለሰ። ቅዳሜ ጧት በጉም ውስጥ እጇን ይዤ ወደ ጀልባ ማረፊያው ወረድን። የመንደራችን ቀዛፊ ኤሌውቴሪዮ ብቻውን፣ እንደ ራሰ፣ ከውሃው ወጣ።

«ልጄን አየኸው?» አለችው።

«ከኋላ ነው» አለና እየተንቀጠቀጠ አለፈን።

በኋላ ይመጣል ማለቱ ይሁን፣ ከኋላዬ ሲቀዝፍ አየሁት ማለቱ፣ አልጠየቅነውም። ደስ ብሎን ምሳውን ልንሠራለት ተመለስን። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን ውሃ የጠጣ በረባሶ እርምጃ ተሰማ።

«የሱ ነው፤ ግራ እግሩን ይጎትታል» አለች ፈገግ ብላ።

«ታዲያ ዙሪና ጥሪው እንጂ፣ ሴትዮ።»

«ተዪው፣ ራሱ ይድረስብን።»

ቀስ ስንል ቀስ አለ። ስንቆም ቆመ። አልዋሽም፣ ፈራሁ። «ሴልስቲኖ፣ እናትህን አታስጨንቅ» ብዬ ጮህኩ። እጇ እጄ ውስጥ በረዶ ሆነ።

ያኔ ኒካሲያ ዞረች። በዕድሜዋ ስትዞር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አብሬያት ዞርኩ። መንገዱ ባዶ ነው። ጭቃው ላይ ያለው የኔና የሷ ዱካ ብቻ ነው።

«ከኋላዬ የለም» አለች።

ሌላ ሰው ቢሰማት፣ መንገድ ላይ ልጇን ያጣች ይመስለው ነበር። እኔ ግን ከኋላ ከሌለ ነገ የሚባል እንዳልቀረለት ገባኝ።

ፊታችንን ወደ ቤት ስንመልስ እርምጃው እንደገና ተሰማ። ያው በረባሶ፣ ያው የሚጎተት እግር። አሁን ግን ከፊታችን ነው፣ ወደ ቤቷ አቅጣጫ እየራቀ።

«እንደ አባቱ ከፊቴ ሆነ» አለች ኒካሲያ። አላለቀሰችም። ቀሚሷን ሰብስባ መራመድ ጀመረች። «ቶሎ በይ አበልጄ፣ በሩን የሚከፍትለት የለም።»