የእትዬ ብርቄ ኩሽና

ባለፈው እሑድ ልጄ ከሱፐርማርኬት አንድ የሚረጭ ነገር ገዝታ መጣች። ጠርሙሱ ላይ የሚያብረቀርቅ ምድጃ ተስሏል፤ ጽሑፉን ግን ያለ መነጽር ማንበብ አይሞከርም። የኩሽናዬን ካቢኔት በር ፊስ ፊስ አደረገችና "እስከ ሃያ ቁጠሪ፣ ማሚ" አለችኝ። ከዚያ በጨርቅ አንዴ ጠረገችው። በቃ። የስንት ዓመት የወጥ ፍንጣሪ ጨርቁ ላይ ቀረ። "አየሽ አይደል!" ብላ ጨርቁን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። አየሁ። አይቼም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደከመሽ እንዴ ብላኛለች፤ አልደከመኝም። ለዚሁ ሥራ አራት ቀን የፈጀሁበትን ጊዜ እያሰብኩ ነበር።

ነገሩ በሰማንያዎቹ ማብቂያ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረው ገርጂ ነው። የዛሬውን ገርጂ የሚያውቅ ሰው የያኔውን ብነግረው አያምነኝም። ታክሲው ከመገናኛ ይዞን ይመጣና አስፋልቱ ሲያልቅ ያወርደናል፤ የቀረው በእግር ነው። ክረምት ከሆነ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በጋ ከሆነ አቧራው ቅንድብ ያነጣል። ከሰፈሩ ጀርባ ማሳ ነበር። ኅዳር ላይ ጤፉ ሲወቃ ገለባው በነፋስ እየመጣ የተሰጣ ልብስ ላይ ይለጠፋል። አውሮፕላኑ ደግሞ ከጣራችን በላይ ነው የሚያልፈው። ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፤ እኛም ወሬያችንን አቁመን እስኪርቅ እንጠብቃለን።

እናቴ ዘሃራ የወሎ ሰው ናት። ሥራዋ ሳምቡሳ መጥበስ ነበር። ማለዳ ጠብሳ ቦሌ መንገድ ላይ ላሉ ሁለት ሻይ ቤቶችና ለሰፈራችን ሱቅ ታስረክባለች። ረመዳን ከገባማ ምድጃው አያርፍም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ የአሰብ መስመር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እዚያው ቀበሩት። እኛ ዘንድ የመጣው ወሬውና ልብሱ ያለበት አንድ ቦርሳ ነው።

ሰው ሲሞትበት ሰው ያለቅሳል። እኔ አላለቀስኩም። ፍራሼ ላይ ተኛሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ። ሲያበሉኝ እበላለሁ፣ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። እግራችሁ ላይ ተቀምጣችሁበት ደንዝዞ፣ ስትነኩት የሌላ ሰው እግር መስሏችሁ አያውቅም? እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። ጎረቤቶች መጀመሪያ ከንፈር መጠጡልኝ። ኋላ ላይ ደግሞ "ይቺን ልጅ የሆነ ቦታ ውሰጃት እንጂ" ማለት ጀመሩ። እናቴ ምንም አትለኝም። ሳምቡሳዋን ይዛ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች።

ቤቱ የእኛ አልነበረም። የተከራየነው ከእትዬ ብርቄ ነው። ባላቸው ጋሽ አሰፋ አናጢ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ እትዬ ብርቄ ቤቱን ለእኛ አከራይተው ኦሎምፒያ፣ ትልቋ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ኩሽና ነው። ኩሽናው ውስጥ ግን ያኔ በሰፈሩ ማንም ቤት የሌለ ነገር ነበር፤ ጋሽ አሰፋ ከዋንዛ እንጨት በእጃቸው የሠሯቸው አምስት ካቢኔቶች። በየበሩ ጥግ ላይ ትንንሽ አበባ ተቀርጿል።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ኩሽና ውስጥ እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስትጠብስ ኖራለች። የዘይቱ እንፋሎት ወጥቶ የሚያርፈው እንጨቱ ላይ ነው። ከዚያ አቧራው ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና እንፋሎቱ። እንዲህ እየተደራረበ የካቢኔቶቹ መልክ ጠቁሮ ሲነኩት እጅ ይይዝ ነበር። አበባዎቹ ተደፍነው ጠፍተዋል። እትዬ ብርቄ በመጡ ቁጥር በሩን በጣታቸው ይፈትጉና ጣታቸውን ለእናቴ ያሳዩአታል። "ዘሃራ፣ ኧረ ይሄ ነገር ይልቀቅልኝ! የሰውዬው ላብ ነው እኮ!" ይላሉ። እናቴም "እሺ እትዬ" ትላለች። በማግስቱ ግን ሳምቡሳው ይቀጥላል፤ ምን ታድርግ?

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ እናቴ ከሱቅ ተመልሳ አንዲት ቁራጭ ካርቶን አቀበለችኝ። ስልክ ያለው ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ብቻ ነበር። ሰው ሲደውልልን ጋሽ ሸምሱ ያገኘው ነገር ላይ ጽፎ ይሰጠናል። እናቴ ማንበብ አትችልም።

"እትዬ ብርቄ ደውለው ነበር አሉ" አለችኝ። "እስቲ አንብቢልኝ።"

አነበብኩት። "ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ይልቀቅ" አልኳት። "ቅባቱን ነው። አሁንስ መሯቸዋል መሰለኝ። ካልለቀቀ ያስወጡናል፣ እማ።"

እናቴ አየችኝ። እኔ ተነሳሁና ውሃ ጣድኩ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም። ቤቱ አሳስቦኝ ነው እንዳልል፣ ያን ጊዜ የሚያሳስበኝ ነገር አልነበረም። ምናልባት ማሸት ምንም ማሰብ ስለማይጠይቅ ይሆናል። ከዚያ ቤት ብንወጣ መግቢያ እንደሌለን ግን አውቅ ነበር።

መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሞከርን። ቅባቱ ሳቀብን። እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ እንጂ አልለቀቀም። ቢላዋ ሳነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ። "ኧረ ተይ! እንጨቱን ልትገድይው ነው!" ከዚያ ላምባ ገዝታ መጣች። በጨርቅ ነክረን አንዱን በር ከውስጥ በኩል ሞከርነው። ቅባቱን በላው፣ ግን እንጨቱንም አመድማ አደረገው፤ ቤቱም እንደ ነዳጅ ማደያ ሸተተ። ረቡዕ ጠዋት እናቴ ካቢኔቶቹን ቆማ ስታይ ቆየችና "ዘይት አምጪ" አለችኝ።

"ዘይት ለማስለቀቅ ዘይት?"

"የመጥበሻዬን ቅባት በምን የማስለቅቀው መሰለሽ?"

እውነቷን ነበር። ለብ ያለ ዘይት በጨርቅ ቀብተን ትንሽ ስናቆየው የደረቀው ቅባት ላላ። ከዚያ በዱቄት ወንፊት የተነፋ አመድ ከሳሙና ጋር አቡክተን ለጠፍንበት፤ ዘይቱን መጠጠው። ቀጥሎ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። ሁልጊዜም የእንጨቱ መስመር በሄደበት አቅጣጫ እንጂ በተቃራኒ አይደለም። አንድ በር ግማሽ ቀን ይፈጃል። አበባዎቹን በስንጥር ነው የጠረግናቸው፣ ጥርስ እንደሚፋቅ። እናቴ በመሃል በመሃል "ላምባ ጨመር ላድርግ"፣ "ሳሙና አለቀ" እያለች ትወጣና ቆይታ ትመለሳለች። ላምባውን ካቆምን በኋላም ለላምባ ትወጣ ነበር። እኔ ልብ አላልኩትም።

ሐሙስ ዕለት እጄ ተላጠ። አመድና ሳሙና ቆዳ ይበላል። ሲያቃጥለኝ ቆሜ እጄን አየሁት፤ ማቃጠሉ ራሱ ገረመኝ። የዚያን ቀን ሳልጠየቅ ሦስት ሳምቡሳ በላሁ። ደግሞም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንዷን አበባ እየፋቅሁ "እማ፣ ሰውዬው ለኩሽና ይሄን ሁሉ አበባ ምን ብሎ ቀረጸው?" አልኳት። እናቴ ጨርቋን ይዛ ቀረች።

"ምነው?" አልኳት።

"ምንም። ሚስቱን ይወዳት ነበራ!" አለችና ፊቷን አዞረች።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻውን በር ጨረስን። ዋንዛው ወርቃማ ቡኒ ሆኖ ወጣ። ደስ አለኝ አልልም፤ ደስታ ገና ሩቅ ነበር። ብቻ ቆሜ አየሁት፣ ዞር ብዬ ሄጄም ተመልሼ አየሁት። ቤቱ ተረፈ ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ብርቄ መጡ። ወንድ ልጃቸውና እጮኛው አብረዋቸው ነበሩ። እትዬ ብርቄ ቀጥታ ኩሽና ገቡና እንደ ቆሙ ቀሩ። "በስመአብ!" አሉ። ቀርበው አበባውን በጣታቸው ዳሰሱት። "የአሰፋዬ እጅ! ከሠራው ቀን ወዲህ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።" ዕንባቸው መጣ። እኔ ወደ እናቴ ዞርኩ፤ በቃ፣ አሁን አይነኩንም ማለቴ ነበር። እናቴ አላየችኝም።

እትዬ ብርቄ ዕንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወደ ዋናው ክፍል አለፉ። ፍራሹን አዩ፣ ሳጥናችንን አዩ፣ የአባቴን ፎቶ አዩ።

"ዘሃራ፣ ዕቃችሁ እስካሁን አልወጣም እንዴ?"

"የምን ዕቃ?" አልኩ እኔ።

"ይልቀቁ ብዬ ለሸምሱ ነግሬው የለም? ልጁ ድንገት ላግባ አለኝ። ቀለሙም ምኑም አልተነካ።"

ካርቶኗ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበረች። አንስቼ እንደገና አነበብኳት። "ይልቀቁ" ነው የሚለው። ቅ ሳይሆን ቁ። አንዲት ጭረት ናት ልዩነቷ፣ ወዲህና ወዲያ። ቅባት ከሆነ ይልቀቅ፣ ሰው ከሆነ ይልቀቁ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ማንበብ ለማትችል እናቴ አንዲት መስመር አንብቤ መስጠት አቃተኝ። ለሌላ ሙሽራ ኩሽና ስናሽ ነው የከረምነው። አራት ቀን ሙሉ ቤት መፈለግ እንችል ነበር። ከሐምሌ ወዲህ መጀመሪያ የተሰማኝ ስሜት ሐፍረት ነው፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ።

"ጥፋቱ የእኛ ነው እትዬ" አለች እናቴ ረጋ ብላ። "እስከ ማታ እንወጣለን።"

"ኧረ ሰኞም ቢሆን ይሁን፣ ዘሃራ። አውሬ አደረግሽኝ እንዴ?"

"ግድ የለም፣ ዛሬ ይሻላል።" ወደ እኔ ዞረችና "አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ከመገናኛ በላይ አንዲት ክፍል ገባን። እናቴ "እንዳጋጣሚ ተገኘች" አለችኝ። ወለሉ ተጠርጎ ነበር። እኔ ግን የዚያን ቀን ምንም ልብ አላልኩ፣ ምንም አልጠየቅሁ። አንገቴን ደፍቼ ዕቃ አወረድኩ፤ ሰኞ ዕለት ከእናቴ ጋር ሳምቡሳ ይዤ ቦሌ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ፍራሼ አልተመለስኩም። ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ያቺን ንባቤን ግን ለማንም አንስቼ አላውቅም። እናቴ ፊት ወረቀት ባነበብኩ ቁጥር እያንዳንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ አያለሁ።

ከመሞቷ በፊት እናቴ እኔ ጋ ነበረች፣ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። አንድ ቀን ድንች እየላጥን ሳለ ድንገት "ያቺ የሸምሱ ካርቶን" አለች።

"የቷ?"

"ያቺ። ሲሰጠኝ በአፉም ነግሮኝ ነበር። ልቀቁ ማለታቸውን አውቄ ነው ቤት የገባሁት።"

ቢላዋዬ ቆመ። "ታዲያ ለምን አንብቢልኝ አልሽኝ?"

"ልነግርሽ አፌ እምቢ አለኛ። በአባትሽ ላይ ቤቱንም ጨምሬ? ራሷ አንብባ ትወቀው ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ቅባቱ ነው ብለሽ ብድግ አልሽ።"

"መሳሳቴን እያወቅሽ አራት ቀን አሳሸሽኝ?"

"ሰዓዳ፣ አራት ወር ተኝተሽ ነበር እኮ! ተነስተሽ ውሃ ጣድሽ። ተሳስተሻል፣ ተመልሰሽ ተኚ ልበልሽ?" ድንቿን ውሃው ውስጥ ጣለቻት። "ቤቱን እኔ ፈለግሁት። ለላምባ እያልኩ ስወጣ የት የምሄድ መሰለሽ?"

አቅፌያት አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ድንቹን ልጬ ጨረስኩ፤ ያ ድንዛዜ ሙሉ በሙሉ ለቆኝ አያውቅም። ሌላም አልጠየቅኋት። እሷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት።

አሁን ሳስበው ማወቋ አይደለም የሚገርመኝ። ባሏን ካጣች በአራት ወሯ ቤቷንም እያጣች፣ ለሰው ቤት መሆኑን እያወቀች፣ አንዴ እንኳ "በቃ፣ ተይው" ሳትል ከጎኔ ቆማ ማሸቷ ነው። እኔም ዛሬ እናት ነኝ፤ ልጄን እወዳታለሁ፣ አልዋሻትም ብዬም እኮራለሁ። በእናቴ ቦታ ብሆን ወረቀቱን ነጥቄ እውነቱን እነግራት ነበር። ልጄንም እዚያው ፍራሽ ላይ አጣት ነበር።